«ጥይት የማይበሳው» ስለሚባለው ልብስ፦ የስያሜ ጥናትና የአመራረጥ መመሪያ

1. መነሻ

የሙያ ቃላት ጥናት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከመጻሕፍት ነው። አንድ የውጭ አገር መጽሐፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ ወይም አንድ የትምህርት ዓይነት በአማርኛ እንዲሰጥ ሲታሰብ፣ ለጽንሰ ሐሳቡ ተስማሚ ቃል ይፈለጋል። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ጉዳይ ግን የተነሣው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከግምጃ ቤት መዝገብ ነው።

ለቃላት ስብሰባ ወደ ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ አካባቢ በሄድንበት ጊዜ፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገን አንድ ድርጅት ግምጃ ቤት ውስጥ የጥበቃ ዕቃዎች የሰፈሩበትን መዝገብ እንድንመለከት ተፈቅዶልን ነበር። ከመዝገቡ መስመሮች አንዱ «ጥይት የማይበሳው ጃኬት፣ 4 ፍሬ» ይላል። አራቱን ልብሶች አስወጥተን በውስጣቸው የተሰፋውን ጽሑፍ ስናነብ፣ ሁለቱ የሽጉጥ ጥይትን እንዲያቆሙ፣ ሁለቱ ደግሞ ጩቤን ብቻ እንዲመክቱ የተሠሩ ሆነው አገኘናቸው። ከአራቱ አንዱም የጠመንጃ ጥይትን ለማቆም የተሠራ አልነበረም። ይህንኑ በሩን ለሚጠብቀው ወጣት በነገርነው ጊዜ፣ ከመካከላችን በዕድሜ ወደ ገፉት ሰው ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ስሙ ራሱ ጥይት አይበሳውም ይላል እኮ!» አለ።

ወጣቱ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ስያሜው ነው። አንድ የግብር ወይም የሰዋስው ቃል ያለ ቦታው ቢገባ አንባቢ ይደናገር ይሆናል፤ ይህ ቃል ያለ ቦታው ሲገባ ግን ሰው ሊቆም በማይገባው ቦታ ላይ እንዲቆም ያደርጋል። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ በአገልግሎት ላይ ያሉትን ስያሜዎች እንመረምራለን፤ ቀጥለን ነገሩ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ እናብራራለን፤ በመጨረሻም ፖሊስም ሆነ ሲቪል ሰው ሲመርጥ ሊጠቀምባቸው የሚችሉ ቃላትን እናቀርባለን።

2. ጥናቱ ስለምን በድሬዳዋ

ድሬዳዋ ለቃላት ጥናት እንግዳ ከተማ አይደለችም። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰባት ጊዜ ጀምሮ ዕቃና ቃል አብረው ሲራገፉባት ኖረዋል። የፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ ስም በሕዝብ አፍ «ለገሃር» ሆኖ የቀረው በዚሁ መንገድ ነው። የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት በነበረባት በዚህች ከተማ፣ ለአማርኛና ለግእዝ መዛግብተ ቃላት መሠረት የጣሉት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ደስታ ተክለ ወልድ ኖረው ሠርተዋል።

ዛሬም ነገሩ አልተለወጠም። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ላይ የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ከወደብ የሚመጣው ዕቃ የሚራገፍበትና የሚከማችበት ቦታ ሆኗል። ከዕቃው ጋር በእንግሊዝኛ፣ በቻይንኛ ወይም በሌላ ቋንቋ የተጻፈ መግለጫ ይመጣል። መግለጫውን የሚያነበው፣ በመዝገብ የሚያሰፍረው፣ ዕቃውን የሚያድለውና የሚለብሰው ግን አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ ወይም ሐረሪ የሚናገር ሰው ነው። የስያሜ ጥያቄ ገና ከመነሻው መልስ ማግኘት ያለበት እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

3. በአገልግሎት ላይ ያሉት ስያሜዎች

በንግግርም በጽሑፍም የምናገኛቸው ስያሜዎች በዋናነት አራት ናቸው።

የመጀመሪያው «ጥይት የማይበሳው» ነው። ይህ ስያሜ አማርኛነቱ የጠራ፣ ለጆሮ የሚስማማና ያለ አስረጂ የሚገባ ነው። ጉድለቱ ከሰዋስዉ የመጣ ነው። በአማርኛ በ«የማይ» የሚጀምር አሉታዊ ገላጭ፣ ጊዜና ሁኔታ ካልተወሰነለት በስተቀር፣ ምንጊዜም እውነት የሆነን ነገር ያመለክታል። «ውኃ የማያስገባ ካፖርት» ስንል በየትኛውም ዝናብ ማለታችን ነው። ካፖርቱ ዝናቡን ባይችለው ለባሹ ከመርጠብ የበለጠ ጉዳት አያገኘውም። «ጥይት የማይበሳው» ሲባልም የሰሚው አእምሮ «የትኛውም ጥይት» ብሎ ይቀበላል። እንዲህ ያለ ልብስ ግን በዓለም ላይ የለም።

ሁለተኛው «ፀረ ጥይት» ነው። ፀረ የሚለው የግእዝ ቃል በዘመናዊ አማርኛ ብዙ ስያሜዎችን አፍርቷል። ይሁን እንጂ ፀረ ተባይ ተባይን የሚገድል፣ ፀረ ታንክም ታንክን የሚያወድም ነው። በዚህ ሚዛን ፀረ ጥይት ጥይትን የሚያጠፋ መሣሪያ እንጂ ሰውን የሚሸፍን ልብስ መሆኑ አይታወቅም።

ሦስተኛው ከእንግሊዝኛ የተወሰደው «ቡሌት ፕሩፍ» ነው። በዚህ ውሰት ውስጥ የተሰወረ ታሪክ አለ። ፕሩፍ የሚለው ቃል በጥንቱ የአውሮፓ ጋሻ ሠሪዎች ዘንድ «የተፈተነ» ማለት ነበር። ሠሪው የደረት ብረቱን በራሱ ጠመንጃ ተኩሶበት፣ የጎደጎደውን ምልክት ለገዢው ያሳይ ነበር። ቃሉ በዚያን ጊዜ «በዚህ ጥይት ተሞክሮ ቆሟል» የሚል ውሱን ምስክርነት ነበረው። ከጊዜ በኋላ ግን ምስክርነቱ ተረስቶ ተስፋው ብቻ ቀረ። ዛሬ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ የመስኩ ባለሙያዎች ይህን ቃል ትተው «ጥይትን የሚቋቋም» ወደሚል አነጋገር አዘንብለዋል። እኛ እነርሱ የተዉትን ቃል ብንወስድ ጥቅሙ አይታየንም።

አራተኛው «ጥይት መከላከያ» ነው። ከአራቱ የተሻለው ይህ ነው፤ መከላከል ማለት መታገል እንጂ የግድ ማሸነፍ አይደለምና። ሆኖም «መከላከያ» ብቻውን ሲቆም በዛሬው አማርኛ የአገርን ጦር ሠራዊት ስለሚያመለክት፣ ምን እንደሚከላከል ሳይጠቀስ መጻፍ የለበትም።

«ጥይት» የሚለው ቃልም ራሱ ማብራሪያ ይሻል። በዕለት ተዕለት አነጋገር ጥይት ስንል ቀለሁን፣ ባሩዱንና ከአፈሙዝ የሚወጣውን እርሳስ በአንድነት ማለታችን ሊሆን ይችላል፤ ተወርውሮ የሚሄደውንም ለብቻው ጥይት እንለዋለን። በዚህ ጽሑፍ ሙሉውን «ፈሽንግ»፣ ተወርዋሪውን ብቻ «ጥይት» እንላለን። ልብሱ የሚገጥመው ሁለተኛውን ነው።

4. ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ

ለነገሩ ስም ከመስጠት በፊት ነገሩን ማወቅ ይገባል። በዚህ መስክ በአንድ ስም የሚጠሩ፣ በአሠራራቸው ግን የተለያዩ ሦስት ዕቃዎች አሉ።

አንደኛው ለስላሳው ነው። የሚሠራው ከጠንካራ ሰው ሠራሽ ቃጫ ነው። ከእነዚህ ቃጫዎች ስሙ የገነነው ኬቭላር ሲሆን፣ በዱፖንት ኩባንያ የኬሚስትሪ ባለሙያ የነበረችው ስቴፋኒ ክዎሌክ እ.ኤ.አ. በ1965 ያገኘችው ነው። ፖሊኢታይሊን ከሚባለው የፕላስቲክ ዘር የሚሠራም አለ። ጨርቁ በብዙ ንብብር ተደራርቦ ይሰፋል። ጥይቱ ሲመታው ቃጫዎቹ ይወጠሩና ጉልበቱን ወደ ጎን ያከፋፍሉታል። ከእርሳስ የተሠራ ጥይት ከሆነም ጫፉ ተደፍጥጦ እንደ እንጉዳይ ይከፈታል። ነገሩ ለሸማኔ የሚገባ ነው፤ አንዱ ክር የተመታውን ድርና ማግ ሁሉ ይጋራዋል።

ለስላሳው ልብስ የሽጉጥ ጥይትን አቁሞ የጠመንጃውን የማያቆመው ለምንድን ነው? የ9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ጥይትና የክላሽንኮቭ ጥይት በክብደታቸው ይቀራረባሉ፤ ሁለቱም 8 ግራም ገደማ ናቸው። ልዩነቱ በፍጥነታቸው ላይ ነው። የመጀመሪያው በሴኮንድ ወደ 400 ሜትር፣ ሁለተኛው ወደ 715 ሜትር ይጓዛል። የተወርዋሪ ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሆነ፣ የክላሽንኮቩ ጉልበት ከሽጉጡ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ጫፉም ሹል ነው፤ ብዙ ጊዜም በውስጡ የብረት እምብርት አለበት። የሽጉጥ ጥይት በጨርቁ ሲያዝ ይህኛው ንብብሩን ሰንጥቆ ያልፋል።

ሁለተኛው ዕቃ ጠንካራው ነው። ከሸክላ መሰል ሴራሚክ፣ ከታመቀ ፖሊኢታይሊን ወይም ከብረት የሚሠራ ጠፍጣፋ ነገር ሲሆን፣ በደረትና በጀርባ ላይ በልብስ ውስጥ ይገባል። የተለመደው መጠን ወደ 25 በ30 ሴንቲ ሜትር፣ የእያንዳንዱም ክብደት ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ግራም ነው። የጠመንጃ ጥይትን የሚያቆመው ይህ ነው። የሚሸፍነው ግን ልብንና ሳንባን እንጂ ሆድን፣ ትከሻንና ጎንን አይደለም።

ሦስተኛው ስለትን የሚመክተው ነው። ጥይትን ያቆመ ልብስ ጩቤን ለማቆም አይቸገርም ብሎ ማሰብ የተለመደ ስሕተት ነው። ስፌት የምትሰፋ ሴት ወስፌዋ በአክርማው መካከል መንገድ እንደሚያገኝ ታውቃለች። ቀጭን ሹል ነገርም በጥይት መከላከያ ጨርቅ ክሮች መካከል እንዲሁ ያልፋል። ስለዚህ የስለት መከላከያ በአሠራሩም በመፈተኛ መስፈርቱም ለብቻው የቆመ ነው። ሁለቱንም እንዲችል ታስቦ የተሠራ ልብስ ቢኖር ሁለቱም በጽሑፍ ሊረጋገጡ ይገባል።

እንዲሁም ጥይቱ ቆመ ማለት ሰውየው አልተጎዳም ማለት አይደለም። ጥይቱ ሲቆም ልብሱ ወደ ሰውነት ይጎብጣል። በአሜሪካ መስፈርት መሠረት፣ በሸክላ ጭቃ ላይ ተደግፎ በሚደረገው ፈተና፣ ይህ ጉብታ ከ44 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ለዚህ «የጀርባ ጉብታ» የሚል ስያሜ እናቀርባለን። በልብሱ ላይ የተተኮሰበት ሰው ቁስል ባይታይበትም የጎድን አጥንቱ ወይም የውስጥ አካሉ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት።

5. የቁጥሩና የፊደሉ ወጥመድ

ገዢዎችን ከስሙ ይበልጥ የሚያሳስታቸው ደረጃውን የሚያመለክተው ቁጥር ነው። በዓለም ገበያ በብዛት የሚጠቀሰው መስፈርት የአሜሪካ ብሔራዊ የፍትሕ ተቋም ያወጣው ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1972 ወጥቶ ብዙ ጊዜ ታርሟል። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው እትም አምስት መደቦች ነበሩ፦ 2ኤ፣ 2፣ 3ኤ፣ 3 እና 4። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ለሽጉጥ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ለጠመንጃ ናቸው።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪው ሁለት ወጥመዶች ይጠብቁታል። አንደኛው «ደረጃ» የሚለው ቃል ነው። በእኛ ልማድ አንደኛ ደረጃ ምርጥ፣ ሦስተኛ ደረጃ ዝቅተኛ ነው፤ የባቡር ደረጃ በዚህ አኳኋን ይቆጠራል። በዚህ መስፈርት ግን ቁጥሩ ሲጨምር ጥንካሬው ይጨምራል። «ሦስተኛ ደረጃ» ተብሎ የተተረጎመውን ትቶ «ሁለተኛ ደረጃ» የተባለውን የመረጠ ገዢ፣ የተሻለውን ያገኘ መስሎት ደካማውን ይዞ ይሄዳል።

ሁለተኛው ወጥመድ የፊደሉ ነው። በሮማውያን ቁጥር 3 ተጽፎ የላቲኑ ኤ የተጨመረበት መደብ ከባዶው 3 የበለጠ ይመስላል። አንዳንድ ተርጓሚም «3ሀ» ብሎ ሲጽፈው የ3 ንኡስ ክፍል ይሆናል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ 3ኤ የሽጉጥ ጥይት ብቻ የሚያቆም ለስላሳ ልብስ ሲሆን፣ 3 ግን የጠመንጃ ነው። በአንዲት ፊደል መኖርና አለመኖር ምክንያት ለባሹ በክላሽንኮቭ ፊት የሚኖረው ዕድል ይለያያል።

ይኸው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው አዲስ እትም የቀድሞውን አቆጣጠር ትቶታል። በምትኩ የሽጉጥና የጠመንጃ የእንግሊዝኛ ስሞችን አሕጽሮት ይዞ፣ ለሽጉጥ ኤች ጂ 1 እና ኤች ጂ 2፣ ለጠመንጃ አር ኤፍ 1፣ አር ኤፍ 2 እና አር ኤፍ 3 ብሏቸዋል። በአገራችን በብዛት የሚታወቀው የክላሽንኮቭ 7.62 በ39 ፈሽንግ፣ ለስላሳ ብረት እምብርት ያለው፣ በአር ኤፍ 1 ፈተና ውስጥ በስም ተጠቅሷል። መስፈርት አውጪዎቹ ከቁጥር ወደ አደጋው ስም መሸጋገራቸው፣ እኛም በስያሜ ጥናት የደረስንበትን ይደግፋል፤ ስም ልብሱ የሚገጥመውን አደጋ ሲናገር ለባሹን ይጠብቀዋል፣ ተስፋ ብቻ ሲሰጥ ግን ያጋልጠዋል።

በአሮጌው አቆጣጠር የተጻፈባቸው ልብሶች አሁንም በግምጃ ቤቶች ስለሚገኙ ሁለቱንም አጻጻፍ ማወቅ ያስፈልጋል። ሩሲያና ቻይናም የየራሳቸው መስፈርትና የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ አንድ ዓይነት ቁጥር መያዝ አንድ ዓይነት ጥንካሬ ማለት አይደለም። የመስፈርቱ ባለቤትና ዓመተ ምሕረቱ ያልተጠቀሰበት ቁጥር ትርጉም የለውም።

«ደረጃ» በሚለው ፈንታ «እርከን» የሚለውን ቃል እናቀርባለን። የሐረርጌ ገበሬ ተዳፋቱን በእርከን ሲሠራ፣ የላይኛው እርከን የላይኛው ነው። ቃሉ የመውጣት ሥዕል ስላለው ቁጥር ሲያድግ ጥንካሬ እንደሚያድግ ያለ አስረጂ ያሳያል። «ደረጃ» ደግሞ ለጥራት መስፈርት ብቻ እንዲቆይ ይጠቅማል።

6. ቃሉን ከየት እናግኝ

ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ ቃላት ሲፈለጉ የቆየው ልማድ በመጀመሪያ ከአማርኛ፣ ቀጥሎ ከግእዝ፣ ቀጥሎ ከሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች፣ በመጨረሻ ከውጭ መውሰድ ነው። በዚሁ ቅደም ተከተል እንሄዳለን።

ለጠቅላላው መደብ፣ ማለትም አካልን ከጥይትና ከስለት ለሚጠብቅ ማናቸውም ልብስ፣ «ጥሩር» የሚል ቃል አለን። ቃሉ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስለሚገኝ ለብዙ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ከጥቅሙ አንዱ የማይሆን ተስፋ አለመስጠቱ ነው። የጎልያድን ታሪክ የሰማ ሁሉ፣ ያ ሰው ጥሩር ለብሶ ሳለ ባልተሸፈነው ግንባሩ ተመትቶ እንደ ወደቀ ያውቃል። ጥሩር የሚጠብቀው የሸፈነውን ብቻ ነው።

ለለስላሳው ልብስ «ሰደርያ» የሚለውን እንመርጣለን። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ መነሻው ደረት የሚል ትርጉም አለው። በአማርኛም እጅጌ የሌለውን የላይ ልብስ ስለሚያመለክት ከ«ጃኬት» ይልቅ ቅርጹን በትክክል ይገልጻል፤ ጃኬት እጅጌ አለው፣ ይህ ግን ክንድን አይሸፍንም። ስለዚህ «የሽጉጥ ጥይት መከላከያ ሰደርያ» እና «የስለት መከላከያ ሰደርያ» የሚሉ ሁለት ስሞች ይገኛሉ። ስሞቹ ረዘም ይላሉ፤ ነገር ግን በመዝገብ ላይ የሚጨመሩት ሁለት ቃላት የሚቆጥቡት ቀለም አይደለም።

ለጠንካራው ጠፍጣፋ «ሰሌዳ» እና «ፕሌት» የሚሉ ቃላት ይሰማሉ። እኛ ግን «የደረት ጋሻ» እንላለን። ምክንያታችን ሦስት ነው። አንደኛ፣ ጋሻ በአንድ አቅጣጫ የሚመክት፣ ከያዘው ሰው አካል ከፊሉን ብቻ የሚሸፍን ዕቃ መሆኑን ሁሉ ያውቃል። ሁለተኛ፣ በሥራ ቦታው የሚሰሙት ቋንቋዎች ይጋሩታል፤ አማርኛው ጋሻ ሲል ኦሮምኛው ጋቸና፣ ሶማሊኛው ጋሻን ይላል። ድሬዳዋ ላይ ቆሞ «ጋሻ» ያለ ሰው አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ሦስተኛ፣ ቃሉ በሕዝቡ አንደበት ሕያው ነው፤ የበሩ ጠባቂ እኛን የጠራበት «ጋሼ» የሚለው የአክብሮት መጥሪያ ራሱ ከዚሁ ቃል ጋር የተዛመደ ነው። በኋላ ለሚመጣው ጋሻ «የጀርባ ጋሻ» ይባላል።

ጋሻዎቹ የሚገቡበት ባለ ኪስ ልብስ «የጋሻ ማኅደር» ቢባል ይስማማል። ማኅደር ዳዊት የሚያዝበት የቆዳ መያዣ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ዕቃው ሌላ መያዣው ሌላ መሆኑን ያስረዳል። ይህ ልዩነት በግዢ ላይ ትልቅ ፋይዳ አለው። ባዶ ማኅደር ለብሶ መቆም ባዶ አፎት ታጥቆ ከመቆም አይለይም፤ በገበያ ላይ ግን ማኅደሩ ያለ ጋሻው ሊሸጥ ይችላል።

ለራስ መሸፈኛ «ራስ ቁር» የሚለው ጥንታዊ ቃል በቂ ነው። «ቁር» ብቻውን ብርድ ማለት ስለሆነ ሁልጊዜ ከ«ራስ» ጋር መጻፍ አለበት። በፋብሪካና በግንባታ ቦታ የሚደረገውን የፕላስቲክ መሸፈኛ ግን «የሥራ ቆብ» እንበለው። ዛሬ ሁለቱም፣ የሞተር ብስክሌቱም ጭምር፣ «ሄልሜት» ስለሚባሉ፣ ከላይ ለሚወድቅ ነገር የተሠራው ለጥይት እንደ ተሠራ ይቆጠራል።

7. «ታክቲካል» እና «ትጥቅ»

በገበያ ላይ ጫማው፣ ጓንቱ፣ ቦርሳውና መነጽሩ ሁሉ «ታክቲካል» ይባላል። ታክቲክ የሚለው ቃል በመነሻው የጦር አሰላለፍ ጥበብ ማለት ነው። በሻጭ አፍ ግን ብዙ ጊዜ ጥቁር ቀለምና ብዙ ኪስ ማለት ሆኗል። ቃሉ በራሱ የተፈተነ ጥራትን አያመለክትም። ፖሊስ ለተሰጠው ሥራ የሚይዘውን ዕቃ በአጠቃላይ «የግዳጅ ትጥቅ» ማለት ይቻላል፤ ግዳጅ በፖሊስና በሠራዊት ዘንድ የታወቀ የሥራ ቃል ነውና። እያንዳንዱ ዕቃ ግን በሥራው መጠራት አለበት፦ የጉልበት መከላከያ፣ የሽጉጥ ማኅደር፣ የፊት መከለያ፣ ካቴና።

ለሲቪል ሰው «ትጥቅ» የሚለውን ቃል አናቀርብም። ቃሉ ከመታጠቅ የወጣ ሲሆን በዛሬው አነጋገር የጦር መሣሪያን ያመለክታል፤ «ታጣቂ» እና «ትጥቅ ማስፈታት» የሚሉትን ማስታወስ ይበቃል። ሰደርያ ለብሶ የሚዘግብ ጋዜጠኛ፣ ገንዘብ የሚያጓጉዝ ሠራተኛ ወይም በአደጋ ቦታ ሕሙማንን የሚያነሣ ሰው በመዝገብ ላይ «ትጥቅ ወሰደ» ተብሎ ቢጻፍ ያልሆነውን ይሆናል። ሕግ አውጪውም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን ሲያወጣ በርእሱ ላይ «ትጥቅ» አላለም። ስለዚህ ለሲቪሉ «መከላከያ ልብስ» ይበቃዋል። እንዲህ ያለውን ልብስ ለመግዛት ወይም ከውጭ ለማስገባት የሚያስብ ሲቪል ሰው በቅድሚያ ፖሊስንና ጉምሩክን መጠየቅ ይገባዋል። ልብሱም በቀለሙና በጽሑፉ ከፖሊስ የደንብ ልብስ ጋር እንዳይመሳሰል ያስፈልጋል፤ «ጥበቃ» ተብሎ በግልጽ የተጻፈበት ሰደርያ ለባሹንም ሌላውንም ሰው ከስሕተት ያድናል።

8. ለመራጩ

ከላይ የተመለከቱት ቃላት ጥቅም የሚሰጡት በሥራ ላይ ሲውሉ ነው። ገዢ፣ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ወይም ለባሽ የሚከተሉትን ቢጠይቅ የሚገባውን ዕቃ ያገኛል።

ሀ. የሚፈራው አደጋ ምንድን ነው? ጩቤ፣ ሽጉጥ ወይስ ጠመንጃ? ሁሉን የሚችል ልብስ መፈለግ ከባድ ሸክም መግዛት ነው። በበር ላይ ለሚቆም ያልታጠቀ ጠባቂ የስለት መከላከያ ሊበቃው ይችላል፤ የታጠቀ ወንጀለኛ ለሚከታተል ፖሊስ ግን ሰደርያ ብቻውን ላይበቃው ይችላል።

ለ. በማን መስፈርት፣ በየትኛው ዓመት እትም፣ በየትኛው እርከን ተፈትኗል? መልሱ በልብሱ ውስጥ በተሰፋው ጽሑፍ ላይ ካልተገኘ፣ የሻጩ ቃል አይተካውም።

ሐ. በልኩ ነው? የደረት ጋሻ የላይኛው ጠርዝ ከአንገት ሥር ካለው ጎድጓዳ ጋር መስተካከል አለበት። ወደ ሆድ የወረደ ጋሻ ልብን ገልጦ ሆድን ይሸፍናል።

መ. መቼ ተሠራ፣ እስከ መቼስ ያገለግላል? ለስላሳ ሰደርያዎች ብዙ ጊዜ የ5 ዓመት ዋስትና ይሰጣቸዋል። ዛይሎን የሚባለው ቃጫ ያለጊዜው እንደሚደክም በመታወቁ፣ የአሜሪካው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2005 ከእርሱ የተሠሩ ሰደርያዎችን ዕውቅና ነሥቷል። ልብሱ አዲስ መስሎ ውስጡ ሊያረጅ እንደሚችል ይህ በቂ ምስክር ነው። ስለዚህ አሮጌ ሰደርያ በርካሽ መግዛት አይመከርም።

ሠ. በአገሩ አየር ሊለበስ ይችላል? ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላማ ከተማ ናት። በቀትር የማይቻል ልብስ ወንበር ላይ ተሰቅሎ ይውላል፤ ወንበር ላይ የተሰቀለ ጥሩር ደግሞ የሚጠብቀው ወንበሩን ነው። የፀሐይ ብርሃን ኬቭላርን ያደክማል፤ ከፍ ያለ ሙቀት ፖሊኢታይሊንን ያዳክማል። ስለዚህ ልብሱን በተዘጋ መኪና ውስጥ ወይም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በፀሐይ ላይ መተው አይገባም። ሴራሚክ ጋሻም ከእጅ ከወደቀ በውስጡ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ሳይመረመር እንደገና አይለበስም።

9. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ በዝርዝር የቀረቡትን ስያሜዎች ለአጠቃቀም እንዲያመቹ ከዚህ ቀጥሎ አሰባስበናቸዋል።

ጥሩር፦ አካልን ከጥይት ወይም ከስለት የሚጠብቅ ልብስ ጠቅላላ መጠሪያ።
የሽጉጥ ጥይት መከላከያ ሰደርያ፦ ከጨርቅ ንብብር የተሠራ፣ የጠመንጃ ጥይትን የማያቆም።
የስለት መከላከያ ሰደርያ፦ ለጩቤና ለመሰል ሹል ነገር የተሠራ።
የደረት ጋሻ፣ የጀርባ ጋሻ፦ የጠመንጃ ጥይትን ለማቆም በማኅደር የሚገባ ጠንካራ ጠፍጣፋ።
የጋሻ ማኅደር፦ ጋሻዎቹ የሚገቡበት ልብስ፤ ባዶውን የማይከላከል።
ራስ ቁር፦ ከጥይትና ከፍንጣሪ የሚጠብቅ የራስ መሸፈኛ።
የሥራ ቆብ፦ በፋብሪካና በግንባታ ቦታ የሚደረግ የራስ መሸፈኛ።
እርከን፦ የመቋቋም መጠን፤ ቁጥሩ ሲያድግ ጥንካሬው የሚያድግ።
የጀርባ ጉብታ፦ ጥይቱ ሲቆም ጥሩሩ ወደ ሰውነት የሚገባበት ጥልቀት።
የግዳጅ ትጥቅ፦ ፖሊስ ለሥራው የሚይዘው ዕቃ በጠቅላላው።

እነዚህ ስያሜዎች የመጨረሻ ውሳኔዎች አይደሉም። የፖሊስ ባለሙያዎች፣ የግምጃ ቤት ሠራተኞች፣ በተለይም ልብሱን ለብሰው የሚውሉ ሰዎች፣ ከእኛ የተሻለ ቃል በእጃቸው ሊኖር ስለሚችል ቢልኩልን በምስጋና ተቀብለን እናጠናዋለን። «ጥይት የማይበሳው» የሚለው አነጋገር ግን በንግግር ቢቀጥል እንኳ፣ ከግዢ ሰነድና ከግምጃ ቤት መዝገብ እንዲወጣ አጥብቀን እናሳስባለን።

ያየነው መዝገብ መስመርም እንዲህ ተብሎ ቢታረም ጉዳዩ ይፈጸማል፦ «የሽጉጥ ጥይት መከላከያ ሰደርያ፣ 2 ፍሬ፤ የስለት መከላከያ ሰደርያ፣ 2 ፍሬ፤ የደረት ጋሻ፣ የለም።» የመጨረሻው ቃል ከሁሉ ይበልጣል፤ በሩን የሚጠብቀው ወጣት ምን እንደ ለበሰ ብቻ ሳይሆን ምን እንዳልለበሰም ማወቅ አለበትና።